ልቅ የሚውሉ የጓሮ ዶሮዎችና የጎረቤት ድመት፦ ችግሩን ከምልክቱ ለይቶ መፍታት

ጫጩት በጠፋ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው በአጥሩ ላይ በሚመላለሰው ድመት ላይ ነው። ጥርጣሬው ብዙ ጊዜ ትክክል ቢሆንም፣ ባልሆነበት ጊዜ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም፤ ድመቱ እየተባረረ እውነተኛው ገዳይ፣ አይጥም ይሁን ጭልፊት፣ ሥራውን ይቀጥላልና። ስለዚህ ሽቦ ከመግዛትም ሆነ ጎረቤትን ከመውቀስ በፊት ሦስት ነገሮችን ማጣራት ያስፈልጋል፤ የጠፋው ወይም የቆሰለው ዶሮ ዕድሜው ስንት እንደሆነ፣ ጉዳቱ በየትኛው ሰዓት እንደደረሰና በቦታው ላይ ምን እንደቀረ። የሚከተሉት ምልክቶች የሚነበቡት በእነዚህ ሦስት መልሶች ነው።

ምልክት፦ ጫጩቶች አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ ደምም ላባም አይገኝም

ድመት ትንሽ ጫጩት ሲይዝ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አይበላውም፤ በአፉ ነክሶ ወደ ተሸሸገ ስፍራ ይዞት ይሄዳል። ያለ ዱካ የጠፋ ጫጩት የድመት ሥራ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ጭልፊት፣ ቁራ፣ እባብና አይጥም እንዲሁ ያደርጋሉ።

ልዩነቱን በቅድሚያ የሚናገረው ሰዓቱ ነው። ድመት ለአደን በይበልጥ የሚነሣሣው ጎህ ሲቀድና ጀንበር ስትጠልቅ ሲሆን፣ ጭልፊት ግን የሚያድነው በቀን ብርሃን፣ ገላጣ ቦታ ላይ ነው። ማታ በሩ ተዘግቶ አድሮ ጠዋት ጫጩት ከጎደለና ድመት የሚያስገባ ቀዳዳ ከሌለ፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት አይጥ ነው፤ ያደገ አይጥ 2 ሴንቲ ሜትር በሚያህል ክፍተት ሾልኮ ያልፋል፣ ጫጩቱንም ወደ ጉድጓዱ ይጎትተዋል። እኔ ራሴ ለሁለት ሳምንት ያህል አንድን ድመት ስወቅስ ከቆየሁ በኋላ የዶሮ ቤቱን ወለል ሳነሣ የአይጥ ጉድጓድ አግኝቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ወለሉን ሳላይ በድመት ላይ አልፈርድም።

ሁለተኛው ምስክር የዶሮዎቹ ድምፅ ነው። ዶሮ ከሰማይ ለሚመጣ ጠላትና በምድር ለሚመጣ ጠላት የምታሰማው ማስጠንቀቂያ አንድ ዓይነት አይደለም። ጭልፊት ሲያንዣብብ አውራው ዶሮ ቀጭን ጩኸት ያሰማል፣ ሌሎቹም ወዲያው መሬት ላይ ይለጠፋሉ ወይም ወደ ጥላ ይሮጣሉ፤ ድመት ወይም ውሻ ሲያዩ ግን አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ይቆሙና ወደ አንድ አቅጣጫ እያዩ ደጋግመው ያስካካሉ። ለጥቂት ቀናት በጥሞና ያዳመጠ አርቢ ከቤት ሳይወጣ ሁለቱን መለየት ይችላል።

ይህም ካልበቃ፣ ሊያልፍበት ይችላል በሚባለው መንገድ ላይ የተነፋ አመድ ወይም ደቃቅ አሸዋ ማታ በስሱ መነስነስ ነው። የድመት ኮቴ ክብ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ አራት ጣቶች የሚታዩበት ሲሆን፣ ድመት ሲራመድ ጥፍሩን ወደ ውስጥ ስለሚሰበስብ የጥፍር ምልክት አይኖረውም። ከጣቶቹ ፊት የጥፍር ጭረት ከታየ ያለፈው ውሻ ወይም ቀበሮ ነው።

ድመት መሆኑ ከተረጋገጠ መፍትሄው ጫጩቶቹን ቢያንስ እስከ 8 ሳምንት ዕድሜያቸው ልቅ አለመልቀቅ ነው። ይህ ማለት ግን ፀሐይና ሣር ይከልከሉ ማለት አይደለም። ከላይም ከጎንም የተሸፈነ፣ ሁለት ሰው አንሥቶ የሚያዛውረው ቀላል የእንጨትና የሽቦ ቤት ተሠርቶ በየቀኑ በአዲስ ሣር ላይ ቢቀመጥ፣ ጫጩቶቹ እየጫሩ ያድጋሉ፣ ድመቱም ዙሪያውን ዞሮ ይመለሳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሽቦው ምርጫ ነው። ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ያለው ስስ የዶሮ ሽቦ የተሠራው ዶሮ እንዳይወጣ ለማገድ እንጂ አዳኝ እንዳይገባ ለመከላከል አይደለም፤ ድመት መዳፉን በቀዳዳው አሾልኮ ወደ ሽቦው ተጠግቶ የተኛውን ጫጩት በጥፍሩ ሊጎትት ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ የታችኛው 60 ሴንቲ ሜትር፣ ቀዳዳው ከ13 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ በተበየደ ሽቦ መሸፈን አለበት። አቅም ካልፈቀደ፣ በውስጥ በኩል ከመሬት እስከ ጫጩት ቁመት ድረስ ጣውላ መምታት ተመሳሳይ ጥቅም ይሰጣል።

እናት ዶሮ ካለች ከጫጩቶቿ አትለይ። ክንፏን ዘርግታ፣ ላባዋን ነፍታ የምትጋፈጥ እናት ብዙ ድመቶችን ትመልሳለች። ሆኖም አሥር ጫጩት በተለያየ አቅጣጫ በተበተነበት ገላጣ ግቢ ውስጥ እሷ የምትከላከለው በአጠገቧ ያለውን ብቻ ስለሆነ፣ ጥበቃውን ሁሉ በእርሷ ላይ መጣል አይገባም።

ምልክት፦ ቄብ ዶሮ ትንሽ ቆስላ ተርፋ፣ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ትሞታለች

ይህ ምልክት ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ነው፤ ማዳን የሚቻለው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ነበርና። የድመት ክራንቻ ቀጭንና ስለታም በመሆኑ የሚተወው ቁስል በላባ ሥር የተደበቀ፣ እንደ መርፌ ቀዳዳ ትንሽ ነው፤ በድመት አፍ ውስጥ የሚገኙ ባክቴሪያዎች፣ በተለይም ፓስቱሬላ የሚባለው ዝርያ፣ በዚያ ቀዳዳ ጠልቀው ገብተው ደም ውስጥ ሲሠራጩ ዶሮዋ ከውጭ ደህና እየመሰለች ትዳከማለች።

ስለዚህ ከድመት አፍ ያመለጠች ዶሮ ሁሉ፣ ደም ባይታይባትም፣ እንደ ቆሰለች ተቆጥራ ትያዝ። ላባዋን ወደ ኋላ እየገፉ ጀርባዋን፣ የክንፏን ሥርና አንገቷን በደንብ ይመልከቱ፤ ቁስሉን በንጹሕ፣ ለብ ባለ ጨውማ ውኃ ይጠቡ፤ ከሌሎቹ ለይተው ጸጥ ባለ፣ ጨለም ባለና ሞቃት ቦታ ያሳርፏት፤ በዚያው ቀንም ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት። የባክቴሪያ መድኃኒት መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ እንቁላሏና ሥጋዋ ሳይበላ የሚቆይበትን ጊዜም ከእርሱ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ምልክት፦ ያደገች ዶሮ ተገድላ ተገኘች

እዚህ ላይ ድመቱን ለመወንጀል አይቸኩሉ። የቤት ድመት አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ 2 ኪሎና ከዚያ በላይ የምትመዝን፣ የምትናከስና ክንፏን የምታራግፍ ዶሮ ለእርሱ አደገኛ አደን ናት። ብዙ ዶሮዎች በአንድ ጊዜ ተገድለው ሳይበሉ ከተጣሉ ውሻን ማሰብ ይሻላል፤ ትልቅ ዶሮ ጥቂት ላባ ብቻ ትታ ከጠፋች ደግሞ ቀበሮን።

ድመት ያደገች ዶሮን የሚደፍርባቸው ሁኔታዎች ግን አሉ፦ ዶሮዋ የታመመች እንደሆነ፣ ዝርያዋ በጣም ትንሽ እንደሆነ፣ ቁጥቋጦ ሥር ተደብቃ እንቁላል የታቀፈች እንደሆነ፣ ወይም ሌሊት ከቤት ውጭ፣ ዛፍና አጥር ላይ ሰፍራ የምታድር እንደሆነ። የመጨረሻው በጣም የተለመደ ነው። ዶሮ በጨለማ ማየት ስለማይሆንላት ቆጥ ላይ ከሰፈረች በኋላ አትሸሽም፤ ድመት ደግሞ ዛፍ ይወጣል። መፍትሄው ከመምሸቱ በፊት ሁሉንም ቆጥሮ ማስገባትና በሩን በመቀርቀሪያ መዝጋት፣ ጠዋትም ብርሃኑ በደንብ ከገለጠ በኋላ መክፈት ነው። ምሽት ላይ ጥቂት እህል በቤቱ ውስጥ ብቻ መስጠት ከተለመደ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሳቸው ተሰልፈው ይገባሉ።

ምልክት፦ ድመቱ በተባረረ ቁጥር ተመልሶ ይመጣል

ድመት ወደ አንድ ግቢ የሚመላለሰው የሚያገኘው ነገር ስላለ ነው፤ ያ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ዶሮ ሳይሆን አይጥ ነው። መሬት ላይ የፈሰሰ መኖ አይጥን ይጠራል፣ አይጥ ድመትን ይጠራል፣ ድመትም አይጥ ሲያደባ ጫጩት ያገኛል። በዚህ ምክንያት ድመትን የመከላከል ሥራ የሚጀምረው ከአጥሩ ሳይሆን ከመኖው ነው፤ መኖን ክዳን ባለው የብረት በርሜል ማስቀመጥ፣ ዶሮዎቹ በልተው የሚጨርሱትን ያህል ብቻ መስጠት፣ የተረፈውን ማታ ማንሣት፣ የእርድ ተረፈ ምርትንም በግቢ ውስጥ አለመጣል ይገባል።

ቀጥሎ የሚታየው መደበቂያው ነው። ድመት ሩቅ አሳድዶ የሚይዝ አዳኝ አይደለም፤ አድብቶ፣ ተጠግቶ፣ በአጭር ርቀት የሚወረወር ነው። ዶሮዎቹ የሚበሉበትና የሚጠጡበት ቦታ ከረዥም ሣር፣ ከእንጨት ክምርና ከቁጥቋጦ ቢያንስ 3 ወይም 4 ሜትር ከራቀ፣ ድመቱ ሳይታይ መድረስ ይቸግረዋል። ነገር ግን ቁጥቋጦውን ሁሉ መመንጠር ዶሮዎቹን ለጭልፊት ያጋልጣል፤ ይህን ስሕተት የሠሩ ሰዎች አንዱን ጠላት አስወግደው ሌላውን ጋብዘዋል። የሚያስታርቀው፣ ጎኑ ክፍት የሆነ፣ ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ጠረጴዛ መሰል መጠለያ በገላጣው መካከል ማቆም ነው፤ ከሰማይ ይሸፍናል፣ ለድመት ግን መደበቂያ አይሆንም።

አጥርን በተመለከተ፣ ድመት ከቆመበት ተነሥቶ 1.5 ሜትር ያህል ስለሚዘልና እንጨትና ግንብም ስለሚቧጥጥ፣ ቁመት መጨመር ብቻውን አይበቃም። 1.8 ሜትር ከፍታ ባለው አጥር ጫፍ ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ልል ሽቦ ወደ ውጭ አዘንብሎ ቢታሰር፣ ድመቱ ሲንጠለጠልበት ስለሚወዛወዝ ይተወዋል። እንቅስቃሴ ሲሰማው ውኃ የሚረጭ መሣሪያም ጥሩ ውጤት አለው፤ ድመቱ እንዳይለምደው ቦታውን አልፎ አልፎ መቀየር ያሻል። የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ መበተን ግን ሽታው ቶሎ ስለሚጠፋ ብዙም አይጠቅምም።

መርዝ ፈጽሞ አይሞከር። መርዙን ድመቱ ብቻ አይበላውም፤ ውሻ፣ ሕፃን ልጅና ዶሮዎቹ ራሳቸው ይደርሱበታል፣ ድመቱም በሥቃይ የሚሞት የሰው እንስሳ ነው። ናፍታሌን መበተንም እንዲሁ መርዝ መበተን ነው።

ባለቤቱ ከታወቀ፣ ከክስ ይልቅ ጥያቄ ይዞ መሄድ የተሻለ ነው፤ ድመቱን ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ለጥቂት ሳምንታት ቤት እንዲያቆየው መጠየቅ ከባድ ልመና አይደለም። በእንግሊዝ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ ሥጋ የበዛበት ምግብ የተሰጣቸው ድመቶች ወደ ቤት ያመጡት የነበረው አደን በ36 በመቶ የቀነሰ ሲሆን፣ በየቀኑ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማጫወት ደግሞ በ25 በመቶ ቀንሶታል። በዚያው ጥናት የአንገት ቃጭል ጉልህ ለውጥ አላመጣም፤ ስለዚህ ቃጭል አስሬያለሁ ብሎ ጫጩት መልቀቅ አያዋጣም።

ምልክት፦ እንቁላል ይጠፋል፤ በጉዝጓዙ ላይ የድመት ዓይነ ምድር ይታያል

እንቁላሉን የወሰደው ድመት መሆኑ እምብዛም ነው፤ አይጥን፣ እባብንና እንቁላል መብላት የለመደች ዶሮን አስቀድመው ይመርምሩ። ዓይነ ምድሩ ግን በቸልታ አይታለፍ፤ ቶክሶፕላዝማ የተባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ሊይዝ ስለሚችል፣ መሬት እየጫሩ የሚበሉ ዶሮዎችም ከአፈር ጋር ይወስዱታል። ተሕዋሱ የመበከል አቅም የሚያገኘው ከወጣ ከ1 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ በመሆኑ፣ ዓይነ ምድሩ በታየበት ቀን ጓንት ተደርጎ ከነጉዝጓዙ መነሣት አለበት፤ ሥራውም ለነፍሰ ጡር ሴት አይሰጥ፣ የዶሮዎቹም ሥጋ በደንብ ሳይበስል አይበላ። ዶሮዎቹ አቧራ የሚታጠቡበትን ጉድጓድ ማታ ማታ በቆርቆሮ መክደን ድመቱ እዚያ መጸዳዳቱን ያስቀረዋል።