ገና ሦስት ዓመቱ ነው፣ እርሳሱን ቀሙት፤ በኬጂ ልጆች ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት በር ላይ ያዘችኝ። ባጃጁ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃታል። የልጇን ቦርሳ ከፍታ ደብተሩን አወጣችና ገለጠችልኝ። «ቲቸር፣ ሦስት ቀን ሙሉ ምንም አልጻፈም እኮ! ለዚህ ነው የምንከፍለው?»

ልጁ ሦስት ዓመት ከአምስት ወሩ ነው። በእነዚያ ሦስት ቀናት ጃኬቱን ብቻውን ማውለቅ ለመደ። ተራ መጠበቅ ጀመረ። ሰኞ የነከሳትን ልጅ ረቡዕ ዳቦውን ቆርሶ ሰጣት። ደብተር ላይ ግን ይሄ አይወጣም።

ባሕር ዳር ውስጥ ኬጂ ማስተማር ከጀመርኩ 16 ዓመት ሆነኝ። ይህች እናት አዲስ አይደለችም፤ በየመስከረሙ በሌላ መልክ ትመጣለች። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

በሦስት ዓመት ማጻፍ

ሕፃን ሲወለድ የእጅ አንጓው አጥንቶች ገና አጥንት አልሆኑም። ጆሯችን ላይ እንዳለው ያለ ለስላሳ ነገር ናቸው። ስምንት ናቸው፤ አንድ በአንድ እየጠነከሩ ይመጣሉ፤ ሁሉም እስኪሟሉ አምስት ዓመትን ይሻገራል። እናንተ በዚህ እጅ ላይ ባለ መስመር ደብተር ታስቀምጣላችሁ።

ሌላም አለ። አብዛኛው ልጅ ክብ አይቶ መሥራት የሚችለው ሦስት ዓመት ገደማ ነው። መስቀል፣ አራት ገደማ። አራት ማዕዘን፣ ወደ አምስት ሲጠጋ። ሦስት ማዕዘን ከዚያ በኋላ። አሁን ፊደላችንን እዩት። ዐ ክብ ናት። ተ መስቀል ናት። በ ወለል የሌለው ቤት ነው። መስቀል መሥራት ያልቻለ ልጅ ተን ከየት ያመጣዋል? ጨማ ይቅር፣ አናነሳትም።

ሲያቅተው ደግሞ እጁን ይዘን እናጽፈዋለን። ይህን ያደረግሁት እኔው ነኝ። በመጀመሪያው ዓመቴ የወላጆች ቀን ደረሰና ደብተሮቹ ባዶ ሆኑብኝ። ሳምንት ሙሉ የ38 ልጅ እጅ ይዤ ሀ ሁ ሞላሁ። በቀኑ አንድ አባት የልጃቸውን ደብተር አዩ፣ የጎኑን አዩ፣ ሦስተኛ ገለጡ። «ቲቸር፣ ልጆቹ ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ናቸው እንዴ? እጅ ጽሑፋቸው አንድ ነው» አሉኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

የሦስት ዓመት እጅ ሊጥ ይፈልጋል። ጭቃ፣ አሸዋ፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ አዝራር። እንጀራ ቆርሶ መጠቅለል ራሱ ሥራ ነው፤ አታጉርሱት፣ ያበላሽ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሐይቁ ዳር አንድ ልጅ መጣልን። አባቱ ታንኳ ይሠራሉ። አምስት ዓመቱ ነው፣ እርሳስ ይዞ አያውቅም። ግን ደንገል ሰንጥቆ፣ ጫፉን ቀልብሶ፣ በዚያው በደንገሉ ልጥ አስሮ የጣት ርዝመት ያላት ታንኳ ይሠራል። ሳፋ ውኃ ላይ ስናስቀምጣት ትንሳፈፋለች። ከነርሰሪ ጀምረው ሲጽፉ ከኖሩት ጋር ለገና እኩል ይጽፍ ነበር። ፊደል መለየቱ ላይ ግን እስከ ፋሲካ ታግለናል። ጣት ብቻውን አያነብም።

በዜማ ያወቀውን እንዳነበበ መቁጠር

«ልጄ ከሀ እስከ ፐ ያውቃል» ይሉኛል። እሺ፣ ያዜማል። መሐል ላይ ጣቴን አድርጌ «ይቺ ማናት?» ስለው ተመልሶ ከሀ ይነሳል። የኔታዎች ይህን ድሮ ነው የነቁበት። በሀ ሁ ዜማ የሸመደደውን ልጅ ቅደም ተከተሉን አፋልሰው በአቡጊዳ ያስነሱታል። ዜማው አያወጣውም፣ ፊደሏን ማየት ግድ ይሆንበታል። እናንተም ቤት ውስጥ ከመሐል ጠይቁ። የሱቅ ታፔላም ይበቃል።

ቁጥርም ያው ነው። «ዋን፣ ቱ፣ ስሪ» እያለ ሃምሳ ይገባል። «አራት ሲኒ አምጣ» ሲባል የቻለውን ታቅፎ ይመጣል። ሲኒውን እየነካ ይቁጠር፤ አንድ ሲኒ፣ አንድ ቁጥር። ስትጨርሱ «ስንት ሆነ?» በሉት። እንደገና ከአንድ መቁጠር ከጀመረ፣ የመጨረሻው ቁጥር የሁሉም ድምር መሆኑ ገና አልገባውም ማለት ነው።

ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒያዤ ያሳየውን ደግሞ ሞክሩት፣ ደስ ይላል። በሁለት እኩል ብርጭቆ እኩል ውኃ ቅዱ። ልጁ እያየ አንዱን ወደ ቀጭን ረጅም ብርጭቆ ገልብጡ። የአራት ዓመት ልጅ «ረጅሙ ይበልጣል» ይላችኋል። አትከራከሩት። ስድስት ሰባት ዓመት ሲሞላው በራሱ ይስቅባችኋል።

«አማርኛ ማውራት ክልክል ነው»

ይህን ሳነሳ ድምፄ ይለወጣል። አማርኛ ያወራ የሚቀጣበት ትምህርት ቤት ሠርቻለሁ። አራት ዓመት የሞላው ልጅ ሽንቱ መጣበት። በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚጠየቅ ጠፋው። በአማርኛ እንዳይል ፈራ። ዝም ብሎ ተቀመጠ። እኔ ያየሁት ከወንበሩ ሥር ሲወርድ ነው። ደንቡን የማስከብረው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ሁለት ቋንቋ ለልጅ አይከብደውም። ማሰብ የለመደበትን ስትከለክሉት ግን መጠየቅም ይተዋል። እንግሊዝኛው ይመጣል፤ አንደኛ ክፍል እንኳ የሚገባው በ7 ዓመቱ ነው። ማታ «ተረት ተረት» በሉት፣ «የላም በረት» ይበላችሁ። መሐል ላይ አቁሙና «ከዚያስ ጅቡ ምን አደረገ?» ብላችሁ ጠይቁት። አያት ካሉ ለአያት ስጡት። በእንቆቅልሽ እሳቸውን የሚያህል አስተማሪ አላየሁም።

ተደብቆ መሄድ

ልጁ ዞር ሲል እብስ የሚሉ ወላጆች አሉ። ለዛሬ ተገላገላችሁ። ነገ ግን ቀሚሳችሁን አይለቅም፤ ዓይኑን ካነሳ እንደምትጠፉ አውቋል። ጉንጩን ስማችሁ፣ «ምሳህን በልተህ ስትጨርስ እመጣለሁ» ብላችሁ፣ እያየ ሂዱ። ያልቅስ። ብዙዎቹ ባጃጁ አስፋልት ሳይደርስ ዝም ይላሉ። በሰዓቱ ካልመጣችሁ ግን ጉድ ነው የሚፈላው።

ልጁ ግራኝ ከሆነ ደግሞ ተዉት፣ በግራው ይሥራ።

ስልክ ካልያዘ አይበላም

ማን አስለመደው? የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ ስክሪን በቀን ከአንድ ሰዓት አይለፍ፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል ይላል። አንድ ዓመት ለሆነው ጭራሽ አይመክርም። የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋልም ይላል። እኛ ጋ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ጭንቅላታቸውን የሚጥሉትን ማታ ምን እያዩ እንዳመሹ አልጠይቅም፤ ራሳቸው ይዘፍኑልኛል።

ሲጠይቁ «ዝም በል» ማለት

ልጆቹን ጣና ዳር ስንወስዳቸው አንዷ እምቦጩን አይታ «ቲቸር፣ ለምን ላም አትበላውም?» አለችኝ። መልሱን እርግጠኛ አልነበርኩም። «እስኪ አንቺስ ምን ይመስልሻል?» አልኳት። «ውኃ ውኃ ስለሚል» አለች። ሌላው «ላሟ ዋና ስለማትችል ነው» አለ። ክርክሩ ፔሊካኗ እስክትመጣ ቀጠለ። ያን ቀን ማንም አንዲት ፊደል አልጻፈም። ስንመለስ በር ላይ ማን እንደጠበቀኝ ገምቱ።

አንድ ነገር ልረሳው ነበር፤ ማሰሪያ ያለው ጫማ አትግዙላቸው። በክፍሌ 36 ልጅ አለ። 72 ማሰሪያ ማለት ነው፤ ረዳቴ ደግሞ አንድ ናት። ተለጥፎ የሚዘጋውን ግዙ፣ በእናታችሁ።