ከቴክኖሎጂ ፖድካስት ለአስቸጋሪ ኮምፒውተር የሚበጀውን ለይቶ መውሰድ

የቴክኖሎጂ ፖድካስት አድማጮች ሁሉ ባለሙያዎች አይደሉም። ብዙዎቻችን መንገድ ስንሄድ ወይም የእጅ ሥራ ስንሠራ የምናዳምጥ ሰዎች ነን፤ ወደ ኮምፒውተራችን ስንመለስ ግን የሚጠብቀን ለመከፈት ደቂቃዎች የሚፈጅ ወይም በሥራ መሀል ቀጥ ብሎ የሚቀር ማሽን ነው። አቅራቢዎቹ ስለ አዳዲስ ፕሮሰሰሮችና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲወያዩ፣ የአድማጩ ጥያቄ «የእኔ ለምን ይንቀራፈፋል?» የሚል ነው። በዚህ መሀል አንዳንዱ ኮምፒውተሩ ጊዜው ያለፈበት መስሎት አዲስ ለመግዛት ይነሣል፤ ሌላው በግማሽ ጆሮ የሰማውን ምክር ሁሉ በተከታታይ እየሞከረ ችግሩን ያባብሰዋል። ፖድካስት ለጥገና መመሪያነት እምብዛም አይመችም፤ ስለ ብልሽት እንዴት እንደሚታሰብ ግን በሚገባ ያስተምራል፤ ይህን ለመጠቀም ደግሞ አድማጩ ስለ ራሱ ማሽን ጥቂት ነገር አውቆ መቅረብ አለበት።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከማዳመጥ በፊት ነው። በዊንዶውስ ላይ ኮንትሮልንና ሺፍትን ተጭነው ይዘው ኢስኬፕን ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ኮምፒውተሩ ደኅና በሚሠራበት ሰዓት ሳይሆን ልክ በሚያስቸግርበት ቅጽበት ይክፈቱት። ፕሮሰሰሩ፣ ሚሞሪው፣ ዲስኩና ኔትወርኩ ምን ያህል እንደተያዙ በየዓምዱ ያሳያል፤ የአንዱን ዓምድ ርዕስ ሲጫኑ ከሁሉ በላይ የሚወስደው ፕሮግራም ወደ ላይ ይወጣል። ያዩትን ቁጥርና የፕሮግራሙን ስም ይጻፉ። ማክ የሚጠቀሙ ከሆነ አክቲቪቲ ሞኒተር የተባለው ፕሮግራም ተመሳሳይ መረጃ ይሰጣል።

ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ በተለይ ሊታወቅ ይገባዋል፤ ይኸውም የዲስኩ ዓምድ 100 በመቶ ላይ ተጣብቆ እያለ የሚነበበውና የሚጻፈው መረጃ ግን በሰከንድ ከአንድ ወይም ከሁለት ሜጋባይት የማያልፍበት ሁኔታ ነው። ይህ በብዛት የሚታየው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ባላቸው ኮምፒውተሮች ላይ ነው። ሃርድ ዲስክ በደቂቃ አብዛኛውን ጊዜ 5400 ወይም 7200 ጊዜ የሚዞር ሳህን አለው፤ አንባቢው ክንድ ወደ ተፈለገው ቦታ ተንቀሳቅሶ መረጃው በሥሩ እስኪያልፍ መጠበቅ አለበት፤ ይህም በአማካይ የአንድ ሰከንድ መቶኛ ያህል ይወስዳል። ጊዜው ትንሽ ቢመስልም፣ ዲስኩ የተበታተኑ ጥያቄዎችን በሰከንድ መቶ ገደማ ብቻ ያስተናግዳል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ አፕዴቱ፣ ጸረ ቫይረሱና በራሳቸው የሚከፈቱት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ሲጠይቁት ወረፋው ይረዝማል፤ ማውሱ እየተንቀሳቀሰ ምንም ነገር የማይከፈተው ለዚህ ነው። ኤስኤስዲ፣ ማለትም መረጃን በኤሌክትሮኒክ ቺፕ ላይ የሚያስቀምጠው የዲስክ ዓይነት፣ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው በሰከንድ አሥር ሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን ሊመልስ ይችላል። ሚሞሪ ሲሞላም ውጤቱ ይመሳሰላል፤ ዊንዶውስ ቦታ ያጣበትን መረጃ ወደ ዲስክ ማሸጋገር ስለሚጀምር፣ ብዙ ገጽ የተከፈተበት ብሮውዘር ዲስኩን ያጨናንቃል። ይህን ያወቀ አድማጭ ስለ ፕሮሰሰር ፍጥነት የሚደረግ የአንድ ሰዓት ውይይት የእርሱን ችግር እንደማይነካ ወዲያው ይገነዘባል።

እዚያው ታስክ ማናጀር ውስጥ ሌላ የሚታይ ነገር አለ። ፐርፎርማንስ በሚለው ክፍል ፕሮሰሰሩን ሲመርጡ «አፕ ታይም» የሚል ሰዓት ቆጣሪ ያገኛሉ። ማታ ማታ ኮምፒውተሩን የሚያጠፋ ሰው ይህ ቆጣሪ ብዙ ቀናት ሲያሳየው ይገረማል። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ የመጣው ፋስት ስታርትአፕ የተባለ አሠራር ነው፤ ሻት ዳውን ሲሉት የእርስዎ ፕሮግራሞች ይዘጋሉ፣ የሥርዓቱ እምብርት ግን ዲስክ ላይ ተቀምጦ በማግሥቱ እንዳለ ይመለሳል። የተበላሸ ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስን ከኮምፒውተሩ ዕቃዎች ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም፣ ካለ እርሱም አብሮ ሊመለስ ይችላል። ሪስታርት የሚለው ትእዛዝ ግን ሁሉንም እንደ አዲስ ያስነሣል። ስለዚህ አንድ አቅራቢ «መጀመሪያ ሪስታርት አድርጉት» ሲል፣ አጥፍቶ ማብራት ያንኑ ሥራ አይሠራምና ቃል በቃል ይውሰዱት።

ይህን ከያዙ በኋላ የሚያዳምጡትን ይምረጡ። ኮምፒውተሩ ላስቸገረው ሰው ከሁሉ የሚጠቅሙት የአድማጮችን ጥያቄ ተቀብለው የሚመልሱ ዝግጅቶች ናቸው ብዬ አምናለሁ። ጥያቄው ከእርስዎ ችግር ጋር ባይገጥምም፣ ጥሩ መላሽ መልሶ የሚጠይቀውን ነገር ያስተውሉ፦ ችግሩ መቼ ጀመረ? ከዚያ በፊት ምን ተጫነ ወይም ምን ተቀየረ? በሌላ ፕሮግራም ላይስ ይታያል? አዲስ የተጠቃሚ አካውንት ተከፍቶ ሲሞከርስ? ያልተለመደ ብልሽት ሲገጥምዎ የሚያዋጣዎት ይህ አጠያየቅ ስለሆነ፣ ከመልሱ ይልቅ ጥያቄዎቹን መያዝ ይበልጣል።

የዜና ዝግጅቶች ጥቅማቸው ሌላ ነው፤ ቀኖችንና ማስጠንቀቂያዎችን ለመስማት ይረዳሉ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እንደሚያበቃ፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል እንደሚጠይቅ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሰማው በዚህ መንገድ ነው። ዜናን ወደ ተግባር ለመለወጥ «ይህ በእኔ ማሽን ላይ ቢደርስ ምን ያስፈልገኝ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ድርጅት ያወጣው የተበላሸ አፕዴት፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው፣ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖችን ከሥራ ሲያወጣ፣ የተጎዱት በአመዛኙ የድርጅት ኮምፒውተሮች ስለነበሩ የቤት ተጠቃሚው ጉዳዩን ከሩቅ ነው የሰማው። ሆኖም ማሽኖቹን ለመጠገን በሴፍ ሞድ፣ ማለትም ዊንዶውስ በመሠረታዊ ክፍሎቹ ብቻ በሚነሣበት መንገድ፣ ማስነሣት ያስፈልግ ስለነበር፣ ዲስካቸው ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ የመረጃ መቆለፊያ የተቆለፈባቸው ብዙዎቹ 48 አሃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁልፍ ተጠይቀዋል። በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ይህ ቁልፍ ባለቤቱ በማይክሮሶፍት አካውንቱ ሲገባ በራሱ ተፈጥሮ እዚያው አካውንት ውስጥ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ዜና ከሰሙ፣ ኮምፒውተርዎ ደኅና እያለ አካውንትዎን ከፍተው ቁልፉ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ከኮምፒውተሩ ውጭ በሆነ ቦታም ይጻፉት።

ስለ አደማመጡም ጥቂት ልበል። ጆሮ የሐሳብን ፍሰት በሚገባ ይይዛል፤ የቅንብሮችን ስምና ቅደም ተከተል ግን አይይዝም። ስለዚህ የሚጠቅም ነገር ሲሰሙ ደቂቃውን ብቻ ምልክት ያድርጉና ኮምፒውተርዎ ፊት ሲቀመጡ ከክፍሉ መግለጫ ወይም ከጽሑፍ ቅጂው ይመልከቱት። አፕል ፖድካስትስ ከማርች 2024 ጀምሮ ለተወሰኑ ቋንቋዎች የጽሑፍ ቅጂ በራሱ ያዘጋጃል፤ የሚፈልጉትን ቃል ፈልገው ንግግሩን ከዚያ ማስጀመር ይችላሉ። ዜናውን አፍጥነው ቢያዳምጡ አይጎዳም፤ የብልሽት ትንተናን ግን በመደበኛ ፍጥነት ይስሙ።

ክፍሉ የተቀረጸበትንም ቀን ይመልከቱ። አፕል ፖድካስትን ወደ አይቲዩንስ ያስገባው በጁን 2005 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተከማቹ የብዙ ዓመታት ክፍሎች ከአዲሶቹ ጋር ጎን ለጎን ተደርድረው ይገኛሉ፤ ድምፅ ደግሞ እንደ ወረቀት ማርጀቱ አይታወቅበትም። ዲስክን ዲፍራግ ማድረግ በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ዘመን የተበታተኑ ፋይሎችን ስለሚሰበስብ ትክክለኛ ምክር ነበር። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ክንድ ስለሌለው ከዚህ የሚያገኘው ጥቅም እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ በተደጋጋሚ መጻፍ ደግሞ ዕድሜውን ይቀንሳል። ዊንዶውስ ራሱ የዲስኩን ዓይነት ለይቶ ተገቢውን ስለሚሠራ፣ በዚህ በኩል ምንም ማድረግ አያስፈልግዎትም።

ማስታወቂያን በሚመለከት አስተያየቴ ጠንከር ያለ ነው። ብዙ ፖድካስት ላይ ማስታወቂያውን የሚያነበው ያው የሚታመነው አቅራቢ ስለሆነ፣ ሰሚው ምክርንና ንግድን ሳይለይ ይቀበላል። ማስታወቂያ መሆኑን በግልጽ ተናግረው የሚጀምሩትን ይምረጡ። ለምሳሌ ቪፒኤን፣ ማለትም የኢንተርኔት ግንኙነትን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት፣ የተንቀራፈፈ ኮምፒውተርን አያፈጥንም። ሬጂስትሪን፣ ማለትም ዊንዶውስ ቅንብሮቹን የሚያስቀምጥበትን መዝገብ፣ እናጸዳለን የሚሉትን ፕሮግራሞች በተመለከተ ማይክሮሶፍት ራሱ አጠቃቀማቸውን እንደማይደግፍ አስታውቋል፤ ከእነርሱ የሚገኘው ጥቅም ኢምንት ሲሆን ጉዳታቸው ዊንዶውስን እንደገና እስከ መጫን ሊያደርስ ይችላል።

የሰሙትን ለመተግበር ሲነሡ መጀመሪያ የፋይሎችዎን ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፣ ሪስታርት ያድርጉ፣ ለጥቂት ቀናት በተለመደው ሥራዎ ይጠቀሙበትና ቀድሞ ከጻፉት ቁጥር ጋር ያስተያዩ። ሁለት ነገር በአንድ ላይ የቀየረ ሰው ቢሻለውም የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም። መነሻ የሚሆነው አደጋው አነስተኛ የሆነው እርምጃ ነው፦ በታስክ ማናጀር ስታርትአፕ በሚለው ክፍል፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረው እንዲከፈቱ የማያስፈልጉትን የቻት፣ የሙዚቃና የጨዋታ ፕሮግራሞች ያሰናክሉ። ፕሮግራሞቹ አይጠፉም፤ ሲፈልጓቸው ከፍተው ይጠቀሙባቸዋል። ጸረ ቫይረሱን ግን አይንኩ፤ የማያውቁትን ስም ምን እንደሆነ ሳያጣሩ አያጥፉ።

አቅራቢዎቹ አዲስ ኮምፒውተር ሲያሞግሱ፣ የእርስዎ በእርግጥ መቀየር ይኖርበት እንደሆነ የጻፉት ቁጥር ይናገር። ሃርድ ዲስክ ያለውን ማሽን ወደ ኤስኤስዲ ማዛወር ከማውቃቸው ለውጦች ሁሉ ጎልቶ የሚታየው ነው። ሚሞሪ መጨመርም ይረዳል፤ ነገር ግን በብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ሚሞሪው ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ከመግዛትዎ በፊት የሞዴሉን መግለጫ ያንብቡ። ዲስኩ እንግዳ የማንኳኳት ድምፅ የሚያሰማ ወይም ፋይሎች ሲከፈቱ ስሕተት የሚያሳይ ከሆነ ግን ማፍጠኑን ይተዉና ያለዎትን ሁሉ ወዲያው ይገልብጡ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተፈታ ጥያቄዎን ለሚያዳምጡት ዝግጅት ይላኩ። የኮምፒውተሩን ሞዴል፣ የሚሞሪውን መጠን፣ የዲስኩን ዓይነት፣ የዊንዶውሱን ቨርዥን፣ ችግሩ የጀመረበትን ጊዜ፣ ታስክ ማናጀር ላይ ያዩትንና እስካሁን የሞከሩትን በአጭሩ ያስፍሩ። የስሕተት መልእክት ካለ በራስዎ ቃል ከማስረዳት ይልቅ በስክሪኑ ላይ እንደተጻፈው ይገልብጡት።