ያገለገለ ኮሮላ አዳማ ላይ ሲገዙ፦ ትውልዱን ለይቶ መመርመር

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አሁን ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ቀድሞ የገባው መኪና ነው። አዳማ ውስጥ መካከለኛ አውቶሞቢል ለሚፈልግ ሰው ደላላው አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርበው ቶዮታ ኮሮላ ሲሆን፣ የሚያወራለትም ስለ ቀለሙ፣ ስለ አዲሱ ቦሎና "ሴት ስትነዳው የነበረ" ስለ መሆኑ ነው። ገዢው ግን ኮፈን ከማስከፈቱ በፊት ሁለት ነገር ማወቅ ይኖርበታል፤ መኪናው የየትኛው ትውልድ እንደሆነና ከየት አገር እንደመጣ። እያንዳንዱ ትውልድ የራሱ የታወቀ ሕመም ስላለው፣ የት እንደሚያመው የማያውቅ ሰው ጤነኛውን ቦታ ሲዳስስ ይውላል።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የሞዴል ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ኢ110 የሚባለው ትውልድ በጃፓን በ1995 ወጣ፤ ኢ120 በ2000፣ ኢ140 እና ኢ150 በ2006፣ ኢ170 ደግሞ በ2013 ተከተሉ። ሊብሬው ላይ ያለው ዓመት ሊያሻማ ይችላል፣ የኋላ ወንበር ግን ብዙ አይዋሽም። ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ያለው ርቀት በኢ110 2,465 ሚሊ ሜትር፣ በኢ120 እና በኢ150 2,600፣ በኢ170 ደግሞ 2,700 ስለሆነ፣ ረጅም ሰው ከኋላ ሲቀመጥ የጉልበቱ ነገር ወዲያው ይለያል።

መኪናው የተሠራበትን አገር የሚነግርዎ የሻንሲ ቁጥሩ ነው። በ"ጄ" የሚጀምር በጃፓን፣ በ"ኤን ኤም ቲ" የሚጀምር በቱርክ፣ በ"ኤስ ቢ 1" የሚጀምር በእንግሊዝ ተሠርቷል፤ በ1 ወይም በ2 የሚጀምረው ደግሞ የሰሜን አሜሪካ ነው። አውሮፓ ውስጥ የተነዳ መኪና በክረምት መንገድ ላይ በሚበተነው ጨው ከሥሩ ይዝጋል፤ ስለዚህ መኪና ማንሻ ያለው ጋራዥ ወስደው የኋላ ጎማዎቹን ቅስት፣ የበሮቹን ሥርና የፍሬን ቱቦዎቹን በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። በዱባይ በኩል የገባው ዝገት ባያገኘውም ጎሚኒዎቹ በፀሐይ የደረቁ ሊሆኑ ይችላሉ። የፍጥነት መለኪያው በማይል የሚቆጥር ከሆነ አሜሪካ ውስጥ ተጋጭቶ በርካሽ ከተሸጠ በኋላ የተጠገነ ሊሆን ስለሚችል፣ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በላሜራው ላይ ያዙሩት፤ የማይዝበት ቦታ ከቀለሙ ሥር እስቱኮ ተለቅልቋል ማለት ነው። ኪሎ ሜትሩን በተመለከተ፣ አዳማ ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ የተነዳ መኪና ያለ አይመስልም፤ እኔ የማምነው የፍሬን ፔዳሉን ጎማና የመሪውን ቆዳ እንጂ ቁጥሩን አይደለም።

ኢ110 ዕድሜው ገፍቷል፣ ነገር ግን በጤናው ከተያዘ አሁንም የሚያሳፍር መኪና አይደለም። አብዛኞቹ ሞተሮቹ የሚሠሩት በታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኑ ጋር በሚያስተካክል ቀበቶ) ሲሆን ቺንጋው በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ መቀየር ይኖርበታል። ሻጩ መቼ እንዳስቀየረ ካላወቀ፣ አልተቀየረም ብለው የሥራውን ዋጋ ከሒሳቡ ላይ ይቀንሱ። ባለ 1.6 ሊትሩ 4ኤ ሞተር ቺንጋው ቢበጠስ እንኳ ፒስተኑ ቫልቭ አይመታም፤ መንገድ ላይ ያቆምዎታል እንጂ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) አያስወርድም።

ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቀው ኢ120 ነው። በዚህ ትውልድ ላይ ያሉት ዜድ ዜድ የሚባሉ ሞተሮች፣ ማለትም የ1.4፣ የ1.6 እና የ1.8 ሊትሮቹ፣ በተለይ ከ2005 በፊት የተሠሩት፣ ዘይት በመብላት ይታወቃሉ። ምክንያቱ በፒስተኑ ላይ ዘይቱ የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች መጥበባቸው ነው፤ ቀዳዳው በተቃጠለ ዘይት ሲደፈን የዘይት ፋሻው (ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት) ይጣበቅና ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር መቃጠል ይጀምራል። እዚህ ላይ ብዙ ገዢ፣ አንዳንድ መካኒክም ጭምር፣ የሚሳሳትበት ነገር አለ። የተጣበቀው የታችኛው ፋሻ ስለሆነ የላይኞቹ ኮምፕሬሽኑን (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት) ይይዙታል፤ በኮምፕሬሽን መለኪያው ጥሩ ቁጥር ተገኘ ማለት ሞተሩ ዘይት አይበላም ማለት አይደለም። የዘይት መለኪያ ዘንጉም ሻጩ በዋዜማው ከሞላው የሚነግርዎ ነገር የለም። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት በዚህ መንገድ ተሸውጄ፣ በየሁለት ሳምንቱ ሊትር ዘይት እየገዛሁ አንድ ዓመት ነድቻለሁ።

ስለዚህ ፈተናው መንገድ ላይ ይሁን፤ ለዚህ ደግሞ አዳማ የታደለች ከተማ ናት። ነዳጁን እርስዎ ሞልተው በመልካሳ በኩል ወደ አሰላ አቅጣጫ ይውጡ፤ ቢያንስ ከደራ አልፈው ዳገቱን ይቅመሱ። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን አሰላ ወደ 2,400 ሜትር ስለምትደርስ፣ ሞተሩ የሚፈተነው በእርግጠኛ ዳገት ላይ ነው። ሲመለሱ ቁልቁለቱን እግርዎን ከቤንዚን ላይ አንስተው በማርሽ ይውረዱ፤ ታች ሲደርሱ ቤንዚን ሰጥተው በመስታወት ወደ ኋላ ይመልከቱ። ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው።

በዚያው ጉዞ የሙቀት መለኪያውን ይከታተሉ። ቆላ አካባቢ ሞተር ሲግል ተርሞስታቱን (የማቀዝቀዣውን ውሃ ዝውውር የሚቆጣጠረውን ክፍል) አውጥቶ መጣል የተለመደ "መፍትሔ" ነው፤ ቁልቁለት ላይ መለኪያው ወደ ቀዝቃዛው ከወረደ ተርሞስታቱ ተነቅሏል ወይም ክፍት ሆኖ ቀርቷል ብለው ይጠርጥሩ፤ ቀጥለውም ለምን እንደወጣ ይጠይቁ። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ስለሆነ ግፊት የማይዝ የራዲያተር ክዳን እዚህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ከፍተው ቡናማ የዛገ ውሃ ካገኙ ለዓመታት የተሞላው የቧንቧ ውሃ ብቻ ነው። የአየር ፊልትሮውን ቤትም ያስከፍቱ፤ የአዳማ ነፋስና አቧራ የታወቀ ስለሆነ፣ ከፊልትሮው ወዲያ ንጹሕ መሆን በነበረበት በኩል አቧራ ከተገኘ ያ አቧራ ሲሊንደር ውስጥም ገብቷል።

ኢ150 ከኢ120 የተሻለ ግዢ ነው ብዬ አምናለሁ፣ በተለይ 1ዜድ አር የሚባለውን የ1.6 ሊትር ሞተር የያዘው። እርሱም ቢሆን የውሃ ፖምፓው የማፍሰስ ልማድ ስላለው በፖምፓው ዙሪያ የደረቀ ሮዝ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ቅርፊት መኖሩን ይመልከቱ። ከአውሮፓ ከመጡት መካከል የፍሪሲዮን ፔዳል የሌላቸው፣ ግን ሙሉ አውቶማቲክ ያልሆኑ አሉ፤ ካምቢዮው ተራ ማኑዋል ሆኖ ፍሪሲዮኑን የሚረግጠው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። ያ መሣሪያ ሲበላሽ ጥገናው ውድ፣ ባለሙያውም ብርቅ ስለሆነ እንዲህ ያለውን እንዲተዉት እመክራለሁ። በኢ170 ላይ የምጨምረው ጥቂት ነው፦ ሲቪቲ የሚባለው፣ ቋሚ ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ ካምቢዮ ካለው የራሱ ዓይነት ዘይት እንደሚፈልግ አይርሱ።

በኢ120 እና በኢ150 ላይ አንድ ለሕይወት የሚያሰጋ ጉዳይ አለ። ታካታ የተባለው ኩባንያ የሠራቸው የኤርባግ መንፊያዎች በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ባሩዳቸው ስለሚበላሽ፣ ሲፈነዱ የብረት ስብርባሪ ወደ ተሳፋሪው ይወረውራሉ፤ በዚህም ምክንያት በዓለም ዙሪያ በርካታ ኮሮላዎች ለቅያሪ ተጠርተዋል። የሻንሲ ቁጥሩን ይዘው የቶዮታ ወኪል የሆነውን ሞኤንኮን ይጠይቁ። ቁልፍ ሲዞር የኤርባጉ መብራት በርቶ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ መጥፋት አለበት፤ ጭራሽ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ሆን ተብሎ ተነቅሏል ማለት ሊሆን ይችላል።

መኪናው ካለፈ በኋላ የቀረው ወረቀት ነው። በሊብሬው ላይ ያሉትን የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር በዓይንዎ ያስተያዩ፤ ዕዳና እግድ እንደሌለበትም ፋይሉ ካለበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ያጣሩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ፣ ካልሆነ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል። የሚሸጠው በውክልና ከሆነ፣ ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድና ያልተሻረ መሆኑን ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ውልና ማስረጃ ጽሕፈት ቤት ሄደው ያረጋግጡ።