ቧንቧው አፈር ከመልበሱ በፊት፦ የከተማ ግንባታን መቆጣጠርና ማስተዳደር

የከተማ ግንባታ አብዛኛው ሥራ ተቀብሮ ይቀራል። የፍሳሽ መስመር፣ የውሃ ቧንቧ፣ የመንገድ መሠረት፣ ኮንክሪት የዋጠው ፌሮ፣ ሁሉም አንዴ ከተሸፈነ በኋላ አይታይም። ስለዚህ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ከመሸፈኑ በፊት ያየውን፣ የለካውንና የጻፈውን ያህል ነው የሚሠራው። ክፍያውም፣ የጥራት ክርክሩም፣ የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄውም ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚያ መዝገብ ላይ ነው።

ኤክስካቫተር ከመግባቱ በፊት

በቅድሚያ የሚለካው የተፈጥሮ መሬቱ ነው። የተቋራጩና የተቆጣጣሪው ሰርቬየሮች አብረው በየ20 ሜትሩ፣ መሬቱ ከፍና ዝቅ በሚልበትም ቦታ ሁሉ ከፍታውን ይያዙ፤ በዚያው ቀን ሁለቱም ይፈርሙ። ይህ ካልተደረገ ምን ያህል እንደተቆፈረ ማረጋገጥ አይቻልም።

ነባር የውሃ፣ የመብራትና የስልክ መስመሮችን በካርታ ብቻ አይመኑ። አዲሱ መስመር በሚያቋርጣቸው ቦታዎች በእጅ የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍረው ጥልቀታቸውን ይመዝግቡ። ሥዕሉ፣ ስፔሲፊኬሽኑ (የጥራት መስፈርቱ) እና የሥራ ዝርዝሩ የሚጋጩበትን ቦታም አሁኑኑ ይፈልጉ። የትኛው ሰነድ እንደሚቀድም ውሉ ይናገራል።

የቧንቧ ቦይ

ቧንቧ የሚዘረጋው ከታችኛው ማንሆል ወደ ላይኛው ነው፤ ሶኬቱም (ሌላው ቧንቧ የሚገባበት ሰፊ አፉ) ወደ ላይ፣ ውሃው ወደሚመጣበት ይዞራል። በሁለት ማንሆሎች መካከል 40 ሜትር ቢኖርና ተዳፋቱ 0.5 በመቶ ቢሆን ልዩነቱ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የታችኛው የቧንቧ ወለል በከፍታ 100.000 ሜትር ላይ ከሆነ የላይኛው 100.200 ላይ መሆን አለበት። ሁለቱን ጫፎች ብቻ መለካት አይበቃም፤ መሃል ላይ 3 ሳንቲ ሜትር የሰመጠ ቧንቧ ጫፎቹ ልክ ቢሆኑም ዝቃጭ ያጠራቅማል። እያንዳንዱ ቧንቧ ሲቀመጥ በሌቭል (በከፍታ መለኪያ መሣሪያ) ይታይ።

ከቧንቧው ሥር ያለው መደላድል ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ከሶኬቱ ሥር አፈሩ ትንሽ ካልተጎደጎደ ቧንቧው በአንገቱ ብቻ ያርፋል፤ ጭነት ሲመጣበትም መሃሉ ይሰነጠቃል። ጎንና ጎኑ በእኩል ከፍታ፣ በ15 ሳንቲ ሜትር ንብርብር ይሞላ። ከቧንቧው ጀርባ በላይ 30 ሳንቲ ሜትር እስኪደርስ ከባድ መጠቅጠቂያ አይውጣበት።

የቦዩን ስፋትም ይከታተሉ። ቦዩ 60 ሜትር ርዝመትና በአማካይ 1.8 ሜትር ጥልቀት አለው እንበል። በሥዕሉ 0.8 ሜትር ስፋት ቁፋሮው 86.4 ሜትር ኩብ ነው። ተቋራጩ ለማሽኑ እንዲመቸው በ0.9 ሜትር ከቆፈረ 97.2 ይሆናል። ውሉ በሥዕል መጠን የሚከፍል ከሆነ ትርፉ 10.8 ሜትር ኩብ አይከፈልም፤ የሚሞላበት አፈርም እንዲሁ። ይህን በዕለቱ ካልጻፉት ከወራት በኋላ ክርክር ሆኖ ይመጣል።

ከ1.5 ሜትር በላይ ለጠለቀ ቦይ ድጋፍ ወይም የተጋደመ ግድግዳ ያስፈልጋል፤ የወጣው አፈርም ከአፉ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ይህ ሳይሟላ ሰው ቦይ ውስጥ ካዩ ሥራውን ያስቁሙ። የሚናድ አፈር ለማምለጥ ጊዜ አይሰጥም።

ጥቅጠቃ

ላቦራቶሪው የአፈሩን ከፍተኛ ደረቅ እፍጋት (ውሃው ሳይቆጠር፣ በደንብ ሲጠቀጠቅ የሚደርስበትን) በሜትር ኩብ 1.80 ቶን ብሎ ሰጠ እንበል። በሳይት በአሸዋ ዘዴ (የተቆፈረ ትንሽ ጉድጓድ ይዘት አሸዋ በመሙላት በሚታወቅበት) የተለካው እርጥብ እፍጋት 1.86፣ እርጥበቱ 12 በመቶ ከሆነ ደረቁ 1.86 ለ1.12 ተካፍሎ 1.66 ይሆናል፤ ይህም 92 በመቶ ነው። ስፔሲፊኬሽኑ 95 ካለ ወድቋል። መንስኤው ብዙ ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው፦ ንብርብሩ ወፍሯል፣ አፈሩ ደርቋል ወይም ከመጠን በላይ ረጥቧል፣ አለዚያም ሮለሩ የተመላለሰው ጥቂት ጊዜ ነው። ፈተናው የሚያየው የጉድጓዱን ጥልቀት፣ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ መሆኑን አይርሱ። 40 ሳንቲ ሜትር አፈር በአንዴ ተደፍቶ ከተጠቀጠቀ ላይኛው ያልፋል፣ ታችኛው ልል ሆኖ ይቀራል፤ ዝናብ ሲገባበት አስፋልቱ ይሰምጣል። ከፈተናው በፊት የንብርብሩን ውፍረት በሜትር ይለኩ።

ኮንክሪት

ሙሌት ከመጀመሩ በፊት የፌሮውን ዲያሜትር፣ ርቀትና መደራረብ፣ ስፔሰሮቹን (ፌሮውን ከፎርምወርኩ የሚያርቁትን)፣ የፎርምወርኩን (የኮንክሪቱን ቅርጽ የሚይዘውን ሳጥን) ጥንካሬና ንጽህና አይተው ይፈርሙ። ተጠባባቂ ቫይብሬተር (ኮንክሪቱን አንቀጥቅጦ አየር የሚያስወጣ ማሽን) ከሌለ ሙሌት አይጀመር።

በሳይት ኮንክሪትን የሚያበላሸው በዋናነት ውሃ ነው። የውሃና ሲሚንቶ ምጣኔው 0.5 ከሆነ ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ 25 ሊትር ውሃ ይገባል። እንዲላላ ተብሎ 5 ሊትር ሲጨመር ምጣኔው 0.6 ይደርሳል፤ ጥንካሬውም በግልጽ ይወርዳል። እርጥብ አሸዋም ውሃ ይዞ ይመጣል፦ 5 በመቶ እርጥበት ያለው 100 ኪሎ አሸዋ ወደ 5 ሊትር ይጨምራል፤ ይህ ከሚጨመረው ውሃ ይቀነስ።

ኮንክሪቱ ምን ያህል እንደላላ ለሚያሳየው የስላምፕ ፈተና 30 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሾጣጣ ቅርጽ በሦስት ንብርብር ይሞላል፤ እያንዳንዱ 25 ጊዜ በዘንግ ይወጋል። ለጥንካሬ ፈተና በሚወሰዱት የኮንክሪት ኪዩቦች ላይ ቀኑን፣ የሙሌቱን ቦታና ቁጥሩን ይጻፉ። የትኛው መሠረት እንደሆነ የማይታወቅ ኪዩብ 28 ቀን ቆይቶ ቢሰበርም ምንም አይነግርም።

ሳይት ቡክ፣ ትእዛዝ እና ክፍያ

በየቀኑ የአየር ሁኔታው፣ የሠራተኛና የማሽን ቁጥር፣ ቆሞ የዋለ ማሽን ከነምክንያቱ፣ የተሠራው ሥራ ከነርቀቱ ይመዝገብ። «ሥራው ቀጥሏል» የሚል መዝገብ አይጠቅምም። «ከ0+120 እስከ 0+145 መደላድል ተነጠፈ፤ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት በዝናብ ቆመ» የሚል ግን (0+120 ከመነሻው 120 ሜትር ማለት ነው) የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄ ሲመጣ መልስ ይሰጣል። በቃል የሰጡትን ትእዛዝ በዚያው ቀን በጽሑፍ ያጽኑ። ለውጥ ሥራ ደግሞ ዋጋው ሳይታወቅና ሥልጣን ያለው አካል ሳይፈቅድ አይጀመር።

ክፍያ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በድምር ይሰላ። ውሉ 1000፣ ቅድሚያ ክፍያው 200፣ እስካሁን የተሠራው 400 ቢሆን በምጣኔው ከቅድሚያ ክፍያው 80፣ ለጉድለት ዋስትና በሚያዝ 5 በመቶ መያዣ ደግሞ 20 ይቀነሳል፤ የሚቀረው 300 ነው። ቀደም ሲል 210 ከተከፈለ አሁን የሚገባው 90 ነው። የወሩን ሥራ ብቻ ለይቶ ማስላት ያለፈውን የመጠን ስህተት እንዳለ ያሻግረዋል፤ ድምሩ ግን በሚቀጥለው ክፍያ ያርመዋል።

ርክክብ

ጊዜያዊ ርክክብ ላይ ማንሆሎቹን አስከፍተው ውሃ ያስለቅቁ፤ ከሁለቱ ማንሆሎች በመስታወትና በባትሪ መስመሩን ይዩ። ጉድለቶቹን ከነቦታቸውና ከነቀነ ገደባቸው ይዘርዝሩ። በተጨባጭ የተሠራውን የሚያሳይ ሥዕል ሳይቀርብ አይረከቡ፤ በሥዕሉም ላይ እያንዳንዱ ቫልቭና መታጠፊያ ከማይንቀሳቀሱ ሁለት ነገሮች፣ ለምሳሌ ከሕንፃ ማዕዘንና ከማንሆል ክዳን፣ ያለው ርቀት ይጻፍ፤ ቧንቧው የፈነዳ ሌሊት የጥገናው ቡድን የሚቆፍረው በዚያ ነው።