አሽቪል ላይ ጎመን አይታችሁ የጾም ነው አትበሉ

ሰሜን ካሮላይና፣ አሽቪል ስትሄዱ የደቡብ ምግብ ቤት ከገባችሁ ኮላርድ ግሪንስ ቁርጥ የእኛን ጎመን ይመስላል። ግን ብዙ ጊዜ የሚቀቀለው በተጨሰ የአሳማ ቁርጭምጭሚት ነው፤ አጥንቱ ወጥቶ ቅጠሉ ብቻ ስለሚቀርብ በዓይን አይለይም። ፎሶሊያውም ያው ነው። "ሥጋ አለው?" ብትሉ አስተናጋጁ ሳህኑን አስቦ "የለውም" ሊል ይችላል፤ "በምን ተቀቀለ?" ብላችሁ ጠይቁ። ግሪትስ የበቆሎ ገንፎ ነው፤ ቅቤ፣ አንዳንዴም አይብ ይገባበታል። ቢስኪት የሚሉት ለስላሳ ዳቦ በአሬራ ይለወሳል። "ባርቤኪው" ብቻ ከተጻፈ አሳማ ነው፤ የበሬ ለፈለገ "ብሪስኬት"። ሻይ ስታዝዙ "አንስዊት" (ስኳር የሌለው) ካላላችሁ የሚመጣው በበረዶ የቀዘቀዘ ሽሮፕ ነው ማለት ይቻላል። በጥቅምት የተራራው ዛፍ ቅጠል ሲቀላ ከተማው በእንግዳ ይጨናነቃል፣ ጠረጴዛ አስቀድማችሁ ያዙ። ጉርሻ 20 በመቶ።