የክሮውለር ሾክ፦ ፒስተንና ዘይት ስትመርጡ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ክሮውለር ድንጋይ ላይ በዝግታ የምትወጣ ትንሽ የሪሞት መኪና ናት፤ ሾኳ ደግሞ ከሞላው ጋር የሚሠራ፣ ዘይት የተሞላ ቱቦ ነው። መኪናዋ ተዳፋት ድንጋይ ላይ በጎን ስትሄድ ትዘምና ትገለበጣለች። ባለቤቷ በማግስቱ ወፍራም የሾክ ዘይት ይገዛል። ስለ ሪሞት ክሮውለር ሾክ ከሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኞቹ የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ነው፤ እኔም ከዚሁ ልጀምር።

ዘይት መኪናዋን ይሸከማል ብሎ ማሰብ

አይሸከምም። የሚሸከመው ሞላው ነው። ዘይቱ የሚሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሞላው ሲጨመቅና ሲዘረጋ ፍጥነቱን ይይዛል። ካላመናችሁ ቤት ውስጥ ሞክሩት። መኪናዋን ጣውላ ላይ አቁሟትና ጣውላውን በአንድ ጎኑ አንሡት። ቀጭን ዘይት ካለባት ወዲያው ታዘነብላለች፤ ወፍራም ካለባት ቀስ እያለች ታዘነብላለች። ግን አሥር ሰከንድ ያህል ጠብቁ። መጨረሻ ላይ የምታርፍበት ቦታ ያው ነው።

ክሮውለር ደግሞ ሥራዋ ሁሉ በዝግታ ነው። አንድ ድንጋይ ላይ ደቂቃ ልትቆይ ትችላለች፣ ስለዚህ ዘይቱ ያዘገየው መዝመም በቂ ጊዜ አግኝቶ ይመጣል። መዝመም ካስቸገራችሁ ሞላውን ቀይሩ፣ ባትሪውን ዝቅ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ከላይ ያለውን ጌጥ ቀንሱ፣ ክብደቱን ወደ ጎማና ወደ አክስል አውርዱ። ኃይል ስትሰጧት ሻሲዋ ወደ አንድ ጎን የምትጠመዘዘውም ነገር ያው ነው። ኃይል ወደ አክስል የሚወስደው ዘንግ ሲዞር ነው ሻሲዋን የሚያጣምማት። ወፍራም ዘይት ይህን ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም።

ማወፈሩ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። አንድ ጊዜ ቲአርኤክስ-4 በምትባል ክሮውለር ላይ በጣም ወፍራም ዘይት ሞልቼ ደረጃ መሰል ድንጋይ ላስወርዳት ሞከርኩ። ተንበርክኬ ከጎን ሳይ የፊት ግራ ጎማ ከድንጋዩ ጫፍ ወረደና እዚያው አየር ላይ ቀረ። ከታች ያለው ድንጋይ አንድ ጣት እንኳ አይርቅም። ሞላው ጎማውን ወደ ታች ይገፋዋል፣ ዘይቱ ግን አይለቀውም። ጎማው በባዶ እየዞረ መኪናዋ ተንሸራተተች። ክሮውለር ላይ ዘይት ስትመርጡ መጠየቅ ያለባችሁ ጥያቄ ይሄ ነው፤ ጎማው መሬት ሲጠፋበት ቶሎ ወርዶ ያገኘዋል ወይ?

ፒስተኑን ረስቶ ዘይት ብቻ መቀያየር

ዘይትና ፒስተን ጥንድ ናቸው። ፒስተን ማለት ሾኩ ውስጥ በዘንጉ ጫፍ ላይ ያለችው ቀዳዳ ያላት ክብ ፕላስቲክ ናት። ዘይቱ የሚያልፈው በፒስተኑ ቀዳዳ ነው፣ ያንን ቀዳዳ ሳታውቁ የዘይት ቁጥር ብቻ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ቀዳዳ ይቆጥራል፣ ስፋቱን ግን አይለካም። የ1 ሚሊሜትር ቀዳዳ ወደ 1.4 ሚሊሜትር ሲሰፋ ለዐይን ምንም አይመስልም፤ ዘይት የሚያልፍበት ስፋት ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ባለ ሁለት ቀዳዳ ፒስተን በ1.4 እና ባለ ሦስት ቀዳዳ በ1.2 ደግሞ በስፋት ይቀራረባሉ። ስለዚህ «ባለ ሦስት ቀዳዳ ይለሰልሳል» የሚለው ምክር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ቀዳዳ ማስፋት ከፈለጋችሁ በትራፓኖ አትቸኩሉ። ቀጭኗን ፑንታ በእጃችሁ እያዞራችሁ ቀስ ብላችሁ አስፉት፣ ዳር ላይ የሚቀረውን ቁራጭ ፕላስቲክ በምላጭ አንሡ፣ የፋብሪካውን ፒስተን ደግሞ ሳትነኩት መለዋወጫ አድርጋችሁ አስቀምጡ። እና እባካችሁ ዘይትና ፒስተን በአንድ ቀን አትቀይሩ። የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

የኔን አስተያየት ከፈለጋችሁ፣ በ1/10 መጠን (የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ) ላለች መኪና ሰፋ ያለ ቀዳዳ ከመካከለኛ ዘይት ጋር እመርጣለሁ። ጠባብ ቀዳዳ ከቀጭን ዘይት ጋር ሆኖም በዝግታ ስትሄዱ ተመሳሳይ ስሜት ሊሰጥ ይችላል። ግን መኪናዋ በድንገት ስትወድቅ ዘይቱ በጠባቡ ቀዳዳ ማለፍ ያቅተዋል። ሾኩ ይደርቃል፣ መኪናዋም ትነጥራለች።

ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር ማመን

30 የሚለው ቁጥር ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። የምታወዳድሩት ሴንቲስቶኩን፣ ማለትም የዘይቱን ውፍረት መለኪያ ነው። ለምሳሌ ቲም አሶሺዬትድ የተባለው ኩባንያ 30 የሚለው ዘይት 350 ሴንቲስቶክ ነው፣ 20 የሚለው 200፣ 40 የሚለው 500። አስተውሉ፣ ከ20 ወደ 40 እጥፍ ይመስላል እንጂ ውፍረቱ ሁለት ተኩል ጊዜ ነው የጨመረው። ከሌላ ኩባንያ ስትገዙ ትልቁን ቁጥር ትታችሁ ይህንን ፈልጉ።

ያልሆነ ዘይት መጨመር

የሞተር ዘይት አይሆንም፣ የልብስ ስፌት መኪና ዘይትም አይሆንም። ውፍረቱ ከሙቀት ጋር በጣም ይቀያየራል፣ ዘይቱ በዘንጉ ዙሪያ እንዳይፈስ ከሚዘጋው ጎሚኒም አንዳንዱን ያሳብጠዋል። የሲሊኮን የሾክ ዘይት ግዙ። እሱም ቢሆን በብርድ ይወፍራል፣ ቤት ውስጥ ያስተካከላችሁትን ሾክ ብርድ ጠዋት ላይ ውጭ አውጥታችሁ ድጋሚ እዩት። የዲፈረንሻል ዘይት ጠርሙስ ደግሞ መልኩ ተመሳሳይ ነውና ተጠንቀቁ፣ ውስጡ ያለው በሺዎች የሚቆጠር ሴንቲስቶክ ነው።

የእሽቅድምድም መኪና አሞላል መቅዳት

በሩጫ ላይ ያለች መኪና በሰዓት ብዙ ኪሎ ሜትር እየሄደች ትዘላለች፣ ሾኳም ለዚያ ነው የተሞላው። የእናንተዋ ትሳባለች። የሌላ ክሮውለር አሞላል እንኳ ክብደቷና ሞላዋ ከእናንተዋ ካልተመሳሰለ መነሻ ከመሆን አያልፍም።

አየር ሳያስወጡ መዝጋት

እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ፒስተኑን እስከ ታች አውርዱ፣ ሾኩን አቁማችሁ ዘይት ሙሉ፣ ከዚያ ዘንጉን ቀስ ብላችሁ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱ። ከቀዳዳዎቹ ጥቃቅን አረፋ ሲወጣ ታያላችሁ። አሁን ተዉት። አሥር ደቂቃ ይቁም፣ አረፋው ላይ ይደርስና ይፈነዳል። ስትቸኩሉ አረፋው ውስጥ ይቀራል፣ ሾኩም የጉዞውን የተወሰነ ክፍል ምንም ሳይዝ ይንሸራተታል፣ በእጃችሁ ስትገፉትም ጭቅ ጭቅ ይላል።

በተቃራኒው እስከ አፉ ሞልቶ መዝጋትም ስህተት ነው። ዘንጉ ሲገባ ራሱ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ካጣ ሾኩ እስከ መጨረሻው አይጨመቅም፣ ስትለቁትም ያለ ሞላ ራሱ ተመልሶ ይወጣል። ክዳኑን ስትዘጉ ዘንጉን በከፊል ገፍታችሁ ትርፉ ዘይት ይፍሰስ።

ዘንጉን በፒንሳ መያዝ

ጥቂት ቃል ይበቃል። ፒንሳ ዘንጉን ይጭረዋል፣ ጭረቱ ጎሚኒውን ይበላዋል፣ ከዚያ የትኛውም ዘይት አይቆይም። መያዝ ካለባችሁ ወፍራም ጨርቅ ወይም ቆዳ ጠቅልሉበት። ጎሚኒውንም ከመክተታችሁ በፊት ትንሽ የሲሊኮን ግሪስ ቀቡት።

ጨርሳችሁ መኪናዋ ላይ ከመግጠማችሁ በፊት አራቱንም ሾክ ዘንጋቸውን ወደ ታች አድርጋችሁ ሶፍት ላይ አሳድሯቸው። ጠዋት ሶፍቱን እዩት። እርጥብ ክብ የተወ ካለ እሱን ብቻ ፈታችሁ ጎሚኒውን ቀይሩ።