በሰላጣ ቅጠል የሚጠቀለል የእስያ እራት፣ ለሥራ ቀን ማታ

የሥራ ቀን ማታ ራብና ድካም አብረው ሲመጡ ብዙ ምርጫ የለም። ወይ ያደረ ነገር ማሞቅ ነው፣ ወይ አንድ መጥበሻ ጥዶ በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ ነገር መሥራት። ሌተስ ራፕ የሚባለው ምግብ ሁለተኛው ዓይነት ነው። የተፈጨ ሥጋ በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርትና በሶያ ሶስ ይጠበሳል፣ ቀዝቃዛ የሰላጣ ቅጠል ላይ ይደረጋል፣ ተጠቅልሎ በእጅ ይበላል። የሚታጠበው ዕቃም ትንሽ ነው፣ ይህ ደግሞ ማታ ላይ ቀላል ነገር አይደለም።

ሥጋን በቅጠል ጠቅልሎ መብላት እስያ ውስጥ ብዙ ቤት ያለው ነገር ነው። በደቡብ ቻይና የካንቶን ምግብ ቤቶች የደቀቀ የእርግብ ሥጋ በሰላጣ ቅጠል ያቀርባሉ። ኮሪያውያን የተጠበሰ ሥጋን ሳምጃንግ ከሚባለው ወፍራም ማባያ ጋር ይጠቀልላሉ። ላኦስና ሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ደግሞ የደቀቀ ሥጋ በሎሚና በናና የሚሠራበት ላርብ አላቸው። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው በሆይሲን ሶስ የሚሠራው የዶሮው ዓይነት ግን በሰፊው የተለመደው አሜሪካ ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 አሪዞና ውስጥ የተጀመረው ፒ.ኤፍ. ቻንግስ የተባለው የሬስቶራንት ሰንሰለት ታዋቂ ካደረጉት አንዱ ነው። እኔም እዚህ የምጽፈው በዋናነት ስለዚህኛው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የዚህ ምግብ ጠላት ውሃ ነው። ቅጠሉ እርጥብ ከሆነ ሶሱ ይንሸራተታል። መጥበሻው ከተጨናነቀ ሥጋው በራሱ ውሃ ይቀቀላል። ሶሱ ከቀጠነ በክንዳችሁ ላይ እስከ ክርን ይወርዳል። ከዚህ በታች የምላችሁ ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል ውሃን ለማስወገድ ነው፣ ቅመሙን እንደ ምላሳችሁ ብትለዋውጡት ምንም አይልም።

በሰላጣው እንጀምር። መጀመሪያ መታጠብ ያለበትም እሱ ነው፣ ምክንያቱም ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል። ለመጠቅለል የሚመቸው በተር የሚባለው ሰላጣ ነው። ቦስተንና ቢብ የሚባሉትም የእሱ ዘሮች ናቸው። ቅጠሉ ለስላሳና ክብ ነው፣ በተፈጥሮው ጎድጎድ ይላል፣ ስታጥፉት አይሰበርም። እንደ ጥቅል ጎመን ክብ የሆነው አይስበርግ ሰላጣ ደግሞ ጥርስ ሲያርፍበት ቀጭ ይላል፣ ግን ልጠቅልለው ካላችሁ መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ክፍቱን እንደያዛችሁ ብሉት። አይስበርግን ጣዕም የለውም እያሉ የሚያሙት ብዙ ናቸው። እውነታቸውን ነው፤ ለዚህ ምግብ ግን ያ ጥሩ ነው፣ ሶሱ ጨውም ስኳርም የጠገበ ስለሆነ አጠገቡ ዝም የሚል ነገር ይፈልጋል። ረዣዥም ቅጠል ያለው ሮሜይን ሰላጣ ብቻ ካላችሁ የውጭዎቹን ትልልቅ ቅጠሎች ተዉና የመሃሎቹን ትንንሾቹን ተጠቀሙ።

የበተርን ቅጠል ከሥሩ ቆርጣችሁ አንድ በአንድ ማላቀቅ ቀላል ነው። አይስበርግ ግን ጥቅጥቅ ስላለ ቶሎ ይቀደዳል፣ ለእሱ ጥሩ ዘዴ አለ። ግንዱ ባለበት በኩል ጠረጴዛ ላይ አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱትና ግንዱን በጣታችሁ ይዛችሁ ጠምዝዙት፣ ተነቅሎ ይወጣል። በቀረው ቀዳዳ ቀዝቃዛ ውሃ ልቀቁበት። ውሃው በቅጠሎቹ መሃል እየገባ ራሱ ያላቅቃቸዋል። ቅጠሉ የጠወለገ ከሆነ በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ንከሩት፣ ሴሎቹ የጎደላቸውን ውሃ ስለሚጠጡ ጠንከር ብሎ ይነሳል።

ከዚያ ማድረቅ። የሰላጣ ማድረቂያ ካላችሁ አሽከርክሩት። ከሌላችሁ ንጹህ ፎጣ ላይ በአንድ ረድፍ ደርድሩት፣ ፎጣውን ቀስ ብላችሁ ጠቅልሉና እንደተጠቀለለ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ሥጋው እስኪደርስ እዚያው ይቆይ። ቀዝቃዛ ቅጠልና ትኩስ ሥጋ አብረው አፍ ሲገቡ ነው ይህ ምግብ የሚጥመው፣ ስለዚህ ፍሪጁን አትዝለሉት።

ቅጠሉ እዚያ እያለ ሶሱን በጥብጡ። ለግማሽ ኪሎ ሥጋ 3 የሾርባ ማንኪያ ሆይሲን፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሩዝ ኮምጣጤና 1 የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ይበቃል። ሆይሲን ከአኩሪ አተር፣ ከስኳር፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከቅመማ ቅመም የሚሠራ፣ ጣፋጭና ጨዋማ፣ ወፍራም ጠቆር ያለ ሶስ ነው። ካጣችሁት 2 የሾርባ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ትንሽ ኮምጣጤና የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ደባልቃችሁ ተጠቀሙ። ሆይሲንን የሚያውቅ ሰው አይሸወድም፣ ግን ይበላል፣ ደግሞም ይጥማል።

ጨው አትጨምሩ። በፍጹም። አንድ የሾርባ ማንኪያ መደበኛ ሶያ ሶስ ብቻውን ወደ 900 ሚሊ ግራም ሶዲየም ይይዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ደግሞ በቀን ከ2000 ሚሊ ግራም በታች ነው። ሆይሲኑም ጨው አለበት። የሚያሳስባችሁ ከሆነ ሶዲየም የተቀነሰለትን ሶያ ሶስ ውሰዱ። ስንዴ የማይስማማው ሰው ቤት ውስጥ ካለ መደበኛው ሶያ ሶስ ስንዴ እንዳለበት እወቁ። ታማሪ የሚባለው የጃፓን ሶያ ሶስ ብዙውን ጊዜ የለበትም፣ ቢሆንም የሶያውንም የሆይሲኑንም መለያ ጽሑፍ አንብቡ።

ሥጋው የዶሮ ጭን ቢሆን ደስ ይለኛል። ስብ ስላለው አይደርቅም። የደረት ሥጋ ፍርፍር ብሎ ይደርቃል፣ እሱን የምትጠቀሙ ከሆነ ዘይቱን ትንሽ ጨመር አድርጉ። የአሳማም፣ የበሬም፣ የተርኪም የተፈጨ ሥጋ ይሆናል። መፍጫ ለሌለው ሰው፣ ሥጋውን 20 ደቂቃ ያህል ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጦ ጠንከር ሲል በስለታም ቢላ መክተፍ ነው። እንዲያውም በእጅ የተከተፈው ይሻላል፣ ምክንያቱም ፍሬው ትንሽ ትልቅ ስለሚሆን ስታኝኩት ሥጋ መሆኑ ይታወቃል።

ሥጋው ከመጣዱ በፊት ሁሉም ነገር ተከትፎ ይጠብቅ። አንድ መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ፣ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሚሆን የተከተፈ ዝንጅብል፣ ሁለት ሦስት ዘለላ አረንጓዴ ሽንኩርት። እሳቱ ከተነሳ በኋላ ለመክተፍ ጊዜ የለም።

አሁን መጥበሻውን ጣዱ፣ ያላችሁን ሰፊውን። በደንብ ይጋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩና ሥጋውን ዘርጉት፣ ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው፤ ሥጋው ገና መጥበሻ እንደነካ ማማሰል ይጀምራል፣ ሥጋው ውሃውን ይለቃል፣ ግራጫ ይሆናል፣ መጨረሻው የተቀቀለ ነገር ነው። 2 ወይም 3 ደቂቃ ሳትነኩት ተዉት። ሥሩ ቡናማ ሲሆን ገልብጡትና በማማሰያው እየሰባበራችሁ ቀጥሉ። መጥበሻችሁ ትንሽ ከሆነ ሥጋውን በሁለት ዙር ጥበሱት፣ የምታጡት አራት አምስት ደቂቃ ነው። ውሃ ከወጣው ደግሞ አትደንግጡ፤ እሳቱን ከፍ አድርጉ፣ ክዳን አትክደኑ፣ ውሃው ተንኖ ዘይቱ መንጫጫት ሲጀምር ይቀጥላል። ቴርሞሜትር ላለው፣ የዶሮና የተርኪ ሥጋ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የተፈጨ የበሬና የአሳማ ሥጋ 71 ዲግሪ መድረስ አለበት። የሌለው ደግሞ ሮዝ መልክ ያለው ቁራጭ እስኪጠፋ ይጠብቅ።

ሽንኩርቱን ጨምሩና 2 ደቂቃ ያህል አቁላሉት። ከዚያ ሥጋውን ወደ ዳር ገፋ አድርጋችሁ ባዶው ቦታ ላይ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን አድርጉ። ሽታው እስኪያውድ 30 ሰከንድ በቂ ነው። መጨረሻ ላይ የሚገቡት ስለሚያሩ ነው፤ ያረ ነጭ ሽንኩርት ይመራል፣ ምሬቱን ደግሞ ምንም ሶስ አይደብቀውም።

ሶሱን ከመጨመራችሁ በፊት እንደገና በጥብጡት፣ ስታርቹ ሥር ይዘቅጣል። ገልብጡበትና እያማሰላችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ አንተክትኩት። መድረሱን የምታውቁት እንዲህ ነው፦ በማማሰያው የመጥበሻውን መሃል ከፈት አድርጉት፣ ሶሱ ተመልሶ ቶሎ ካልሞላው በቃ። ከሞላው ትንሽ ይቆይ። ከዚያ ከእሳት አውርዱና አንድ የሻይ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት ጠብ አድርጉበት። ይህ ከተቆላ ሰሊጥ የሚወጣው ጠቆር ያለው ዘይት ለመዓዛ እንጂ ለመጥበሻ አይደለም። ገና ከመጀመሪያው ጣዱት የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት፣ መዓዛው ከጭሱ ጋር ይሄዳል።

ቀጭ የሚለው ነገር የሚገባውም አሁን ነው። ባህላዊው ዋተር ቸስትነት ነው፤ ረግረግ ውስጥ የሚበቅል ተክል ከመሬት በታች ያለ ያበጠ ግንድ ሲሆን ብዙ ጊዜ በቆርቆሮ ታሽጎ ይሸጣል። የሚገርመው ተቀቅሎና ታሽጎም አይልፈሰፈስም፣ የሴሎቹ ማያያዣ ሙቀትን ስለሚቋቋም። ውሃውን በደንብ አጥሉትና አተር አሳክላችሁ ክተፉት። ካጣችሁ ካሮት፣ ሴለሪ ወይም የጥቅል ጎመን ግንድ ያው ሥራ ይሠራሉ። ለስላሳ ሥጋ ውስጥ ጥርስን የሚያነቃው ይህ ነው፣ እባካችሁ አትተዉት።

ማዕዱ ላይ ሁሉንም ለየብቻ አቅርቡ። ሥጋው በአንድ ሳህን፣ ቅጠሉ በሌላ፣ ከጎን አረንጓዴ ሽንኩርቱ፣ እንደ ክር የተከተፈ ካሮት፣ ናና ወይም የድንብላል ቅጠል፣ የተቆላ ኦቾሎኒ (አለርጂ ያለበት ሰው ከሌለ)፣ የተቆረጠ ሎሚና ቃሪያ። ሥጋውን ከማቅረባችሁ በፊት ሦስት አራት ደቂቃ አብርዱት፣ እየፈላ ቅጠሉ ላይ ካረፈ ያጠወልገዋል። ለአንድ ቅጠል ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሥጋ በቂ ነው። ስስታም ሁኑ፣ የሞላ ቅጠል አይታጠፍም። አስቀድማችሁ ጠቅልላችሁ አትደርድሩ፤ ያምራል ብላችሁ ይሆናል፣ ግን በ10 ደቂቃ ውስጥ ሥሩ ውሃ ይሆናል። ሁሉም የራሱን ይጠቅልል። አትክልት አልበላም የሚል ልጅ እንኳ ራሱ የጠቀለለውን ብዙ ጊዜ ይቀምሰዋል።

ግማሽ ኪሎው ለሦስት ወይም ለአራት ሰው ይሆናል። በጣም የራበው ካለ ሩዝ አብራችሁ ጣዱ።

ሥጋ ለማይበላ ሰው ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ቶፉ፣ ጠንካራውን ዓይነት፣ ውሰዱ። በፎጣ ጠቅልላችሁ ከላይ ከባድ ነገር ጫኑበትና 20 ደቂቃ ያህል ውሃውን ይልቀቅ፣ ከዚያ በእጃችሁ ፈርፍሩት። መጥበሻ ላይ ከሥጋ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል፣ ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን 8 ወይም 10 ደቂቃ። እንጉዳይም በደቃቁ ተከትፎ አብሮት ቢገባ ያምራል፣ ነገር ግን እንጉዳይ አብዛኛው ነገሩ ውሃ ስለሆነ መጀመሪያ ብቻውን ጠብሳችሁ አድርቁት።

ጣፋጩ ሆይሲን ለሰለቸው ላርብን እጠቁማለሁ። ሆይሲንና ስታርች የለበትም። ሥጋው እንደበሰለ ከእሳት ይወርድና የዓሣ ሶስ፣ የሎሚ ጭማቂ፣ የደቀቀ ደረቅ ቃሪያ፣ ቀጫጭን የሽንኩርት ቁራጭና እፍኝ ሙሉ ናና ይገባበታል። ላርብን ላርብ የሚያደርገው ግን የተቆላው ሩዝ ነው። ጥሬ ሩዝ፣ የሚጣበቀው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፣ ያለ ዘይት በመለስተኛ እሳት ወርቃማ እስኪሆን ትቆሉታላችሁ፣ ከዚያ ትወቅጡታላችሁ ወይም ትፈጩታላችሁ። መዓዛው ልዩ ነው፣ በዚያ ላይ የተረፈውን ፈሳሽ ይመጥጣል። ሎሚውን እሳት ላይ እያለ አትጭመቁት፣ ትኩስነቱ ይጠፋል።

የተረፈ ሥጋ በተዘጋ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል። ቅጠሉን ለብቻው፣ በደረቅ ፎጣ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ስታሞቁት ውሃ አትጨምሩበት፣ መጥበሻ ላይ ብቻ አገላብጡት። ቅጠል ካለቀባችሁ ደግሞ ያደረ ሩዝ ላይ ገልብጡት፣ አንድ እንቁላል ጠብሳችሁ ከላይ አድርጉ፣ የነገው ምሳ ሆነ።